ዋግ ያልጣለው ስንዴ

በምርምር ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዘበኛው እስከ ኃላፊው «የዋግ ሐኪም» ነው የሚሏት። ዋግ ያ ስንዴ ላይ ወርዶ ቅጠሉንና አገዳውን የዛገ ብረት የሚያስመስለው፣ ፍሬውን አጫጭቶ ገበሬን ባዶ እጁን የሚያስቀረው የፈንገስ በሽታ ነው። የትኛው ዝርያ ዋግን እንደሚቋቋም፣ የትኛው እንደሚወድቅ ለይቶ መናገር የእሷ ሥራ ነው። ለዚህም አንድ ማሳ ሙሉ ስንዴ ትዘራና ሆን ብላ በሽታውን ትነዛበታለች።

«የሰው ሐኪም በሽታ ያባርራል፤ የኛይቱ ግን ዘርታ ትኮተኩተዋለች» ይላል የጣቢያው ሹፌር ባገኛት ቁጥር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ቀልዱ ጆሮዋ አልገባም። ማሳው ዳር ሁለት አጫጭር መስመሮች አጠገብ ቆማ ዓይኗን ማመን አቅቷት ነበር።

ዘንድሮ ዋጉ አለ የተባለ ሥራ ሠርቷል። ግራና ቀኝ የቆሙት ዝርያዎች አገዳቸው ተተርትሮ ቀይ ዱቄት ያራግፋሉ፤ በመሃላቸው ስታልፍ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ቀልቷል። እነዚህ ሁለት መስመሮች ግን አረንጓዴ አገዳቸውን ቀጥ አድርገው ከነፋሱ ጋር ይጫወታሉ። ቁጢጥ አለችና አንዱን አገዳ በአውራ ጣቷ ከታች ወደ ላይ አሸችው። ጣቷ ንጹሕ ነው። ምልክት ጨርሶ አልጠፋውም፤ እዚህም እዚያም የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ጠባሳ አለች። ግን አልሰፋችም፣ አልፈነዳችም። በሽታው ገብቶ መላወሻ ያጣ ይመስላል።

«አንተ…» አለች በሹክሹክታ። ለስንዴው ይሁን ለሌላ ሰው እሷም አላወቀችም።

ይህ ስንዴ በሥራ ዕቅዷ ውስጥ የለም። ዘርተሽ ፈትሽ ያላት ሰውም የለም። የዘራችው ሆዷ አልቆርጥ ስላላት ብቻ ነው። አሁን እንዲህ ቆሞ ስታየው የተሰማት ደስታ ይሁን ፀፀት መለየት አቃታት።

* * *

የዚህን ስንዴ ነገር ለማወቅ በቁመቱ «ረጅሙ» የሚሉትን ሰው ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ረጅሙ የትልቁ የዘር እርሻ ባለቤት ልጅ ነው። ካቻምና የዘር ናሙና ይዞ ወደ ጣቢያው መጣ፤ ችግኝ የሚፈተንበትን የመስታወት ቤት በር ሳያይ ግንባሩን ከጉበኑ ጋር አላተመው። «እኔን!» ማለት ሲገባት ሳቀች። እሱም ግንባሩን ይዞ አብሯት ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ናሙና የሚያመጣው ሠራተኛ ቀርቶ ረጅሙ ራሱ ሆነ፤ ናሙና በሌለበት ቀንም ይመጣ ጀመር። ብዙ አያወራም። ችግኞቹን እያየች ስትጽፍ እሱ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ እሷን ያያል፤ ቀና ስትል ዓይኑን ወደ ችግኙ ይመልሳል። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም እንዳላወቀ ይሆናሉ።

ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ በአንዲት የኪራይ ክፍል አብረው ነው የሚኖሩት። ነገሩ ሲገባት መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ «የኔ እመቤት፣ ሰው ከሚመስለው ጋር ነው የሚያምርበት። የእነሱ ጎተራ ከኛ ቤት ይሰፋል» አለቻት።

«እኔ ጎተራቸውን መቼ አየሁ?»

«እሱማ ነው የባሰው» አለች እህቷ።

የእርሻው ክብር «ወርቄ» የተባለች ስንዴ ነበረች። አጭር፣ ጠንካራ፣ ምርቷ የሚያኮራ። የረጅሙ አባት ጠጉራቸው የሸበተው ወርቄን አባዝተው ለገበሬ ሁሉ በማዳረስ ነው። ግን ወርቄ ዋግን የምትከላከልበት ዘረመል አንድ ብቻ ነበር፤ በአንድ መቀርቀሪያ የተዘጋ በር ማለት ነው። ዋጉ መልኩን ለውጦ መጣና ያችን መቀርቀሪያ ከፈታት። ይህን ያረጋገጠችው የዋግ ሐኪሟ ናት። ገበሬና ዘር አምራች በተሰበሰበበት አዳራሽ ቆማ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ ሳታይ፣ «ወርቄ ከእንግዲህ መዘራት የለባትም» አለች። እሳቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ማታ ቤታቸው፣ «ያቺ ልጅ የግቢዬን በር እንዳትረግጥ» አሉ ይባላል።

ያ ብቻ ቢሆን በበረደ ነበር። ግን በዚያው ሰሞን ረጅሙ ከእናቱ ጓሮ በእፍኙ ይዞ የመጣውን ዘር ውጤት ጠየቃት። እናቱ ከእርሻው ጥግ የሚዘሯት፣ አባቱ «የእማማ አረም» እያሉ የሚቀልዱባት ስንዴ ናት። ልጁ ግን ይወዳታል።

«የእናቴስ?» አላት ኮሪደሩ ላይ፤ ከአባቱ ቁጣ ተርፎ አንድ መልካም ነገር የሚሰማ መስሎት።

«ይጠቃል» አለችው። «ችግኙ ላይ የረጨሁት ዋግ ቅጠሉን አልብሶታል።»

ልትቀጥል ነበር። እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ። «የኛ ቤት የሆነ ሁሉ አንቺ ዘንድ ሲደርስ ይወድቃል» ብሎ ዞረ። የእግሩ ድምፅ እስኪጠፋ ቆማ ሰማችው። ከዚያ ወዲያ እሱ አልመጣም፤ እሷም አልጠራችውም። ኩራት ራት ነው ይባላል። እሷ ግን ያንን ራት በበላች ቁጥር ረሃቧ ሲብስ ታየዋለች።

የተረፈችውን እፍኝ ዘር ግን አልጣለችም። አምና ዘራቻት፤ ወፍ ጨረሰባት፣ ዋጉም ደካማ ነበር። ዘንድሮ ደገመቻት።

* * *

አሁን ማሳው ዳር ቁጢጥ እንዳለች ስልኳ ጮኸ። የረጅሙ እናት ናቸው። በደጉ ጊዜ አንዴ ጣቢያውን ሊጎበኙ መጥተው ወደዋት ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ ወዲህ ግን ደውለው አያውቁም።

«ሄሎ፣ ልጄ? ደህና ነሽ? እህትሽ ደህና ናት? መኪናዋስ ተሠራላት? የስፌቱን ማለቴ ነው።»

«ተሠራላት፣ እማማ። እርስዎ እንዴት ነዎት?»

«ምን እሆናለሁ፣ ጉልበቴ ነው እንጂ። ለሰላምታ ያህል ነው የደወልኩት። ደግሞ ያችን ስንዴዬን ተሰናብቻት መምጣቴ ነው፤ ሆዴ ባባ መሰለኝ። እሷን ሳስብ አንቺ ትዝ አልሽኝ።»

«ምን ሆነች?»

«ሊያርሷት ነዋ። ሰውዬው እልህ ይዞት ወርቄን ዘንድሮም ዘርቶ ማሳው ሙሉ ቀላበት። 'ዋጉን የምታመጣብኝ ይቺ አረም ናት' ብሎ ተነሣ። ትራክተሩ አሁን ወጣ።»

«እማማ! ያስቁሟቸው!»

«እኔ ምን ብዬ? ልጄን ብለምነው፣ 'ሐኪሟ ራሷ ይጠቃል ብላለች' አለኝ። አንቺ ካልሽማ…»

ስልኩን እንዴት እንደዘጋችው አታስታውስም። የራሷ ቃል ነው ትራክተሩ ላይ ተቀምጦ የሚነዳው። እሷ ዘንድ ያሉት ሁለት መስመሮች፣ ያውም ወፍ ካልቀደማቸው፣ ዘሩን መልሶ ለማባዛት አይበቁም፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው ዘር ሙሉው ያለው የእናትየዋ ጓሮ ውስጥ ነው።

ሹፌሩ መኪናው ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል።

«ወደ ዘር እርሻው» አለችው እየሮጠች።

«ወደ ተከለከልሽበት?»

«ወደዚያው።»

መፋቂያውን ወርውሮ ገባ። «እኔ እኮ መቼ ነው ይህን የምትይኝ እያልኩ ነበር» አለና ሞተሩን አስነሣ። መንገዱን ሙሉ አላፌዘባትም፤ ይህም ከምንም በላይ አስፈራት።

* * *

ስትደርስ የመጀመሪያው ፈር ወጥቷል። ከጓሮው ጫፍ አንድ ረድፍ ስንዴ ከነአፈሩ ተገልብጦ ተኝቷል፤ የቀረው ግን ቆሟል። የትራክተሩ መሪ ላይ ያለው ረጅሙ ነው። ከሠራተኛ አንዱን ማዘዝ ይችል ነበር፤ የእናቱን ስንዴ ሌላ ሰው እንዲያርሰው አልፈለገም ይሆናል። ፊቱ ቀብር ላይ የቆመ ሰው ፊት ነው።

ሮጣ ፊት ለፊቱ ቆመች። ትራክተሩ አጉረመረመና ቆመ፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ጮኸች። አልሰማትም፤ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ደግማ ሳንባዋ እስኪቀደድ ስትጮህ እሱ ሞተሩን አጠፋው።

«ሳልጨርስ ነው የሄድከው!»

ድምፅዋ በጸጥታው ላይ ብቻውን ቀረ። ከመጋዘኑ ዘንድ ያሉ ሠራተኞች ቀና አሉ።

ወርዶ መጣ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከስቷል። ዓይኖቹ ግን እነዚያው ናቸው፤ እሷን አይተው ሌላ ነገር ያዩ ለመምሰል የሚሞክሩት።

«ምኑን ነው ያልጨረስሽው?»

«'ይጠቃል' ካልኩህ በኋላ 'ግን' ነበረ። 'ግን'ን ሳትሰማ ሄድክ።»

«እስከዛሬ አንድ 'ግን' ይዘሽ ተቀመጥሽ?»

«አንተስ አንድ 'ይጠቃል' ይዘህ አልተቀመጥክም?»

ዞሮ የታረሰውን ረድፍ አየ። እሷም ትንፋሿን ሰበሰበች።

«የፈተንኩት ችግኙን ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ችግኝ ሆኖ የሚወድቅ ሁሉ አድጎ አይወድቅም። አንዳንዱ ስንዴ የመቋቋም ኃይሉ የሚነቃው ሲጎለምስ ነው። 'ማሳ ላይ ሳላየው ቃሌን አልሰጥም' ልልህ ነበር። እንካ፣ እጅህን ስጠኝ።»

እጁን ይዛ ከቆመው ስንዴ መሃል አስገባችው። አውራ ጣቱን አገዳው ላይ አኖረችና የራሷን ጣት ከላይ ደርባ ወደ ላይ አሻሸችው። ጣቱን ገልብጣ አሳየችው። ንጹሕ ነው። እጁን ግን አልለቀቀችም፤ እሱም አልሳበም።

«ማሳ ላይ መቼ አየሽው?» አለ፤ ድምፁ ተሰብሯል።

«ዛሬ ጠዋት። እኔ ዘንድ ዘርቼው ነበር፤ አምናም፣ ዘንድሮም።»

«ይጠቃል ብለሽ ለምን ዘራሽው?»

ለዚህ ጥያቄ ሳይንስ ውስጥ ብዙ መልስ አለ። አንዱንም አላነሣችም።

«ያንተ ስለሆነ» አለችው።

የስንዴው ዘለላ እጃቸው ላይ ሲያልፍ እንኳ የተሰማቸው አይመስልም።

* * *

«ማን ነው ያስገባት?»

አባትየው ናቸው። ከወርቄ ማሳ ውስጥ ሲወጡ ነጭ ሱሪያቸው ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን በዋግ ዱቄት ቀልቷል። ከኋላቸው ባለቤታቸው ጉልበታቸውን ደግፈው እያነከሱ ይመጣሉ።

«እኔ ነኝ የመጣሁት ጋሼ። ማንም አላስገባኝም።»

«ሰው ፊት ካዋረድሽኝ አይበቃም? ደግሞ የአረም ጠበቃ ሆነሽ መጣሽ? ዋጉን ማሳዬ ላይ ያወረደችው ይቺ ናት!»

«ዋግ በነፋስ ነው የሚመጣው፤ ከየት እንደሚነሣ እንኳ አናውቅም። ይቺ ምንጩ ብትሆን መጀመሪያ የምትቀላው እሷ ነበረች። ይግቡና ይዩአት። ሱሪዎን ይዩና እሷን ይዩ።»

ሽማግሌው ሱሪያቸውን አዩ። ከዚያ ለእልህ ያህል ጓሮው ውስጥ ዘው ብለው ገቡ። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሄዱ፤ ቅጠል ገለጡ፣ አገዳ ሰበሩ፣ ዘለላ በመዳፋቸው አሽተው ፍሬውን እፍ አሉት። ዘር ሲያባዙ ያረጁ ሰው ናቸው፤ የሚያዩትን ነገር ሌላ ሰው እንዲተረጉምላቸው አያስፈልግም። ሲወጡ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ይህን ታውቂ ነበር?» አሉ ወደ ባለቤታቸው ዞረው።

«እኔ ምን አውቄ? ዳቦዋ ስለሚጥመኝ ነው የምዘራት» አሉ እማማ። «አንተም በልተህ ስታበቃ ነው 'አረም' የምትላት።»

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ልጅቱን ትክ ብለው አዩአት።

«አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው ስሜን ያጎደፍሽው። ዕድሜ ልኬን የሠራሁትን።»

«የተናገርኩትን አልመልሰውም፤ እውነት ነው» አለች። «ግን አስቀድሜ እዚህ መጥቼ፣ እርስዎ ፊት ተቀምጬ፣ ለእርስዎ ብቻ መናገር ነበረብኝ። ስለዚያ ይቅር ይበሉኝ። ደግሞ ወርቄ አልከዳችዎትም። አንድ መከላከያ ብቻ ይዛ ስለቆመች ነው የወደቀችው። ምርቷን የሚያህል ምርት፣ የአገዳዋን የሚያህል ጥንካሬ ዛሬም የለም። ይቺ የእማማ ስንዴ ደግሞ ረጅም ናት፣ ነፋስ ያጋድማታል፣ ምርቷም ትንሽ ነው። እኔ ሁለቱን ማዳቀል ነው የምፈልገው።»

«ወርቄንም?» አሉ ሽማግሌው። ቃሉ አመለጣቸው እንጂ ሊሉት ያሰቡ አይመስሉም።

«ወርቄንም።»

መዳፋቸው ላይ የቀረውን የስንዴ ፍሬ አዩ። ከዚያ፣ «ታዲያ ያኔ ለምን ቀድመሽ አልመጣሽም?» አሉ፤ ይህ ቁጣ አልነበረም።

ረጅሙን አየችው። ሠራተኞቹን አየች። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ ያለች ይመስል ቀና አለች።

«ፈርቼ ነው። ልጅዎን እንደምወደው ፊቴን አይተው ያውቁብኛል ብዬ።»

እማማ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ረጅሙ ቁመቱን ሁሉ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት መሬት መሬቱን ያያል፤ ጆሮው ግን እስከ ጫፉ ቀልቷል።

«እሱማ» አሉ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ከልጄ ፊት ላይ አንብቤው ነበር። መናደዴም ግማሹ በዚያ ነበር።» ዞረው ወደ ሠራተኞቹ ጮሁ። «ምን ታያላችሁ? ለሐኪሟ ወንበር አታመጡም? ጥላ ሥር አድርጉት!»

ከሰውዬው አፍ ከዚህ የሚበልጥ የይቅርታ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ወንበሩ ሲመጣ እሷ ተቀመጠችና አለቀሰች። ለቅሶው ከየት እንደመጣ ሲጠይቋት ማስረዳት አልቻለችም፤ ብቻ ቀለላት።

* * *

በተከታዩ ዓመት ስንዴው ማበብ ሲጀምር ረጅሙ ወደ ጣቢያው መመላለሱን ቀጠለ። አሁን ሰበብ አያስፈልገውም፤ ሹፌሩ እንኳ ማሾፉ ሰለቸው።

በወንፊት መረብ በተጋረደው ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዳቅላሉ። እሷ ከወርቄ ዘለላ ላይ ገና ያልበሰለውን የወንዴ ክፍል በመቆንጠጫ አንድ በአንድ እየለቀመች ታወጣለች፤ ነፋስ ያመጣው ሌላ ብናኝ እንዳይደርስበት ዘለላውን በወረቀት ከረጢት ትሸፍነዋለች። ጊዜው ሲደርስ እሱ የእናቱን ስንዴ አበባ ይዞ ይመጣና ብናኙን ያራግፍበታል። እነዚያ ትራክተር የሚያዞሩ ጣቶች እንዲህ መለስለሳቸው ሁልጊዜ ይገርማታል። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከትዕግሥት በቀር ብዙ ሀብት የለኝም ይላል፤ የባለእርሻ ልጅ ሆኖ ይህን ማለቱ ያስቃታል።

«ስንት ዓመት ይፈጃል?» አላት አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከረጢቱን እያሰረ።

«ምኑ?»

«አዲሱ ስንዴ ገበሬ እጅ እስኪደርስ።»

«አሥር ዓመት ገደማ። ልጆቹ መሃል ከሁለቱም ወገን ጥሩውን የወረሱትን መምረጥ አለ። በየዓመቱ ለዋግ መስጠት አለ። ከሌላም የመቋቋም ዘረመል መጨመር አለ፤ አንዱ ቢሸነፍ ሌላው እንዲቆም። ብዙው ይወድቃል፤ እንደገና መጀመር ይመጣል።»

«አሥር ዓመት ሙሉ እዚህ ነሽ?»

«የት እሄዳለሁ?»

«እንግዲያው እኔም አለሁ» አለ። ከረጢቱን አስሮ ጨርሷል፤ እጁን ግን ከክሩ አላነሣም። «እያየሁ ልቁም ወይስ አብሬሽ ልኑር? አንቺ ነሽ የምትወስኚው። እናቴ ለኛ ያሰበችውን ክፍል ቀለም አስቀብታዋለች፤ እኔ አላልኳትም። አባባ ደግሞ ዛሬ ጠዋት፣ 'ያቺ ልጅ መልስ የምትሰጥህ ማሳ ላይ ካየችህ በኋላ ነው እንዴ?' ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ቤት ውስጥም ማሳ ላይም ያው ነኝ። አግቢኝ።»

መቆንጠጫው ከእጇ አምልጦ ወደቀ። ለማንሣት አልጎነበሰችም። እህቷ ያለችውን አሰበች፤ አዳራሹን፣ ባዶውን ኮሪደር፣ ያለ እሱ ያለፉትን ጠዋቶች። አንዱም አልከበዳትም። ሁሉም ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ይመስል ራቀ።

«ዛሬ መልስ ብሰጥህ ቸኮለች አትለኝም?»

«እኔ? እኔ ይህን ያህል ጠብቄ?»

«እሺ» አለች።

አንዲት ቃል ናት። ተናግራ ስታበቃ አጠገቧ ያለው የዕቃ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሳጥኑ ጠባብ ስለሆነ ትከሻቸው ተነካካ። ፀሐይዋ በመረቡ ቀዳዳ ገብታ ጀርባቸውን ታሞቃለች፣ ከውጭ የሆነ ሰው ሌላ ሰው ይጣራል። እሷ ግን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀመጠችበት የምትነሣበት ምክንያት አጣች።